ሻፌታውን ወደድን፣ ሠሪዋን ረሳን

በዚህ የግድግዳ ጋዜጣ ላይ ስለ ቤተ መጻሕፍት ሰዓት፣ ስለ ምግብ ቤት ሰልፍና ስለ መኝታ ክፍል ጫጫታ ብዙ ተብሏል። የተባለውም ጥሩ ነው። ዛሬ እኛ ይዘን የቀረብነው ጉዳይ ግን ጠጠር ይላል። የእጅ ሥራና ቴክኒክ፣ ጥበብና ፈጠራ የማን ሙያ ነው? በዘሩ ምክንያት ሲገፋ የኖረው ወገንስ በእኛ ትውልድ ዘመን ቦታ አገኘ ወይስ አላገኘም? ሌላውን ለመውቀስ የተነሣን እንዳይመስላችሁ። የምንጀምረው ከራሳችን ጥፋት ነው።

ባለፈው የማስተማር ልምምድ ጊዜ አምስት ሆነን ከከተማ ወጣ ባለ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመድበን ነበር። የአካባቢያችንን አቀማመጥ ማለትም ተራራውን፣ ሜዳውንና ሐይቁን በጭቃ ሞዴል ልናስተምር አሰብን። «የትምህርት መርጃ መሣሪያ ከአካባቢያችሁ ቁሳቁስ ሥሩ» ተብለን የለ! ጭቃ አቦክተን ሠራን፤ ፀሐይ ላይ አኖርነው። በማግሥቱ ስንመጣ ሐይቁ ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል፤ ታቦር ተራራም ለሁለት ተከፍሏል። እንደገና ሠራን፣ እንደገና ተሰነጠቀ። ልጆቹ ሳቁብን፤ እኛም ለመሳቅ ሞከርን።

በዚያ ክፍል ከኋላ ብቻዋን የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ነበረች። ሌሎቹ ሦስትም አራትም ሆነው በአንድ ወንበር ሲታጨቁ የእሷ ወንበር ሰፊ ነበር። «ዓይን አፋር ትሆናለች» ብለን አለፍነው። በእረፍት ሰዓት ወደ ጠረጴዛችን ጠጋ ብላ የተሰነጠቀውን ጭቃ በጣቷ ነካ አደረገችና በሲዳምኛ አንድ ነገር አለች። ቋንቋውን የሚያውቀው ጓደኛችን ሲተረጉምልን «ገል የለበትም፤ ፀሐይም አይወድም» ነበር ያለችው። የተሰበረ ሸክላ ተወቅጦና ተነፍቶ ካልተቀላቀለበት ጭቃው ሲደርቅ ይኮማተራል፤ መድረቅ ያለበትም ጥላ ውስጥ ቀስ እያለ ነው ብላ አስረዳችን። በማግሥቱ ከቤቷ የተነፋ ገል በፌስታል ይዛ መጣች። እንዴት እንደሚለወስም በእጇ አሳየችን። በዚያን ጊዜ መምህሯ እሷ፣ ተማሪዎቹ እኛ ነበርን።

ሦስተኛው ሞዴል አልተሰነጠቀም። ሊገመግሙን የመጡት መምህር አይተው አመሰገኑን። እኛም ከሞዴሉ ሥር ወረቀት ለጥፈን የአምስታችንን ስም ጻፍን። ከመካከላችን አንዱ የልጅቷን ስም እንጨምር ብሎ ሲያነሣ ሌላው «ተው እባክህ፣ ልጆቹ አይነኩትም፤ ነገር እናስነሣለን» አለ። የተቀረነው ዝም አልን። ለምን ብቻዋን እንደምትቀመጥ የገባን ያን ጊዜ ነው። እናቷ ሸክላ ሠሪ ናቸው።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ወደ ተቋማችን ተመልሰን ማታ በመኝታ ክፍላችን ይህንኑ ስናወጋ ከጓደኞቻችን አንዱ ምንም ሳይናገር ተነሥቶ ወጣ። ኋላ ለብቻ እንደነገረን እሱም የሸክላ ሠሪ ልጅ ነው። 12ኛ ክፍል እስኪጨርስ ድረስ፣ ከዚያም እዚህ ገብቶ ከእኛ ጋር እስከዚያች ሌሊት ድረስ ለማንም ትንፍሽ አላለም። «የማን ልጅ ነህ?» ሲባል «የገበሬ» እያለ ነው የኖረው። ስሙን እንዳንጽፍ ለምኖናል፤ አንጽፍም። አንድ ዓመት ሙሉ ከአንድ ትሪ ስንበላ ይህን ፍርሃት ይዞ መብላቱን ግን ልንረሳው አልቻልንም። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈንም እሱ ነው።

ለመሆኑ ንቀቱ ከየት መጣ? ሁላችንም እንደምናውቀው በአገራችን በብዙ ቦታ መሬት ማረስ የጨዋ ሥራ፣ በእጅ መሥራት ደግሞ የዝቅተኛ ሰው ሥራ ተደርጎ ሲቆጠር ኖሯል። በሲዳማ ሸክላ የሚሠሩት ሀዲቾ የተባሉት ወገኖች፣ በወላይታ ጪናሻ፣ በጋሞ ማናና ደጋላ የሚባሉት ከሌላው ጋር እንዳይጋቡ፣ ከአንድ ገበታም እንዳይበሉ ሲደረጉ ኖረዋል። በሰሜኑም ቢሆን ያው ነው። ብረት የሚሠራው «ቡዳ»፣ ቆዳ የሚያለፋው «ፋቂ»፣ ጥጥ የሚሸምነው «ቁጢት በጣሽ» ይባል ነበር። «ጠይብ» የሚለው ቃል ራሱ «ጠቢብ» ከሚለው ጋር አንድ ዘር ነው። ብልህ ማለት የነበረው ቃል ስድብ ሆኖ ቀረ ማለት ነው። የአማርኛ መምህሮቻችን እዚህ ላይ የሚሉን እንደሚኖራቸው እናምናለን።

አንድ ነገር እናስተውል። በጋሞ ደጋ፣ ለምሳሌ በዶርዜ፣ ሽመና ገበሬውም የሚሠራው የተከበረ ሙያ ነው። ያው ሙያ በሰሜኑ ያሰድብ ነበር። ድሩ ያው ድር፣ መወርወሪያውም ያው መወርወሪያ ነው። እንግዲህ ክፋቱ በሥራው ላይ ቢሆን ኖሮ በሁለቱም ቦታ በተናቀ ነበር። ንቀቱን ያመጣው ሥራው አይደለም፤ ሠሪውን ከመሬትና ከሥልጣን አርቆ ለማኖር የተፈለገበት ምክንያት ነው። «እነሱ እንዲህ ናቸው» የሚለው ወሬ የተፈጠረው በኋላ ነው።

የሚያስቀው ደግሞ ይህ ነው። የገዛ ወገን እጅ ሲናቅ የውጭ ሰው እጅ ይከበር ነበር። አፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አቅራቢያ በጋፋት አውሮፓውያን ሚሲዮናውያንን ሰብስበው፣ ኢትዮጵያውያን ሠራተኞችም ተጨምረውበት፣ በ1850ዎቹ መጨረሻ «ሴባስቶፖል» የተባለውን ትልቅ መድፍ አሠሩ። ነሐስ አቅልጦ መድፍ ያወጣ ፈረንጅ ባለሙያ ሲባል፣ ብረት ቀጥቅጦ ማረሻ ያወጣው የአገር ልጅ ቡዳ ተባለ። ያለ መድፍ ይኖራል፤ ያለ ማረሻ ግን ማን በልቶ ያድራል?

በሙዚቃውም ያው ታሪክ ነው። አዝማሪው «አዝማሪ» ተብሎ ሲናቅ፣ ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም ያዩአቸው ወላጅ አልባ አርመናውያን ወጣቶች «አርባ ልጆች» ተብለው ወደ አዲስ አበባ መጡ፤ የመንግሥት የነሐስ ሙዚቃ ቡድን ሆኑ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የዘመኑን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያንም ኋላ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር፣ ማለትም በዛሬው ብሔራዊ ቲያትር፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን ሙዚቀኞችን አስተምሯል። እነዚህን ሰዎች ልንወቅስ አይደለም፤ ባለውለታዎቻችን ናቸው። ከዘር ፍጅት የተረፉ ስደተኞች ለአገራችን ጥበብ እንዲህ ያለ ድርሻ ማበርከታቸው፣ ጥበብ በቀለምና በዘር እንደማይታጠር ጥሩ ማስረጃ ነው። ጥያቄያችን ሌላ ነው። ከሩቅ ለመጣው የተከፈተ በር በደጃፍ ለቆመው ለምን ተዘጋ?

በሩ ሲከፈት ምን እንደሚሆን ደግሞ የኢትዮጵያ አየር መንገድን ማየት ይበቃል። በ1938 ዓ.ም. ሲጀመር አብራሪዎቹም መካኒኮቹም በአብዛኛው አሜሪካውያን ነበሩ፤ ሥራው የሚመራውም ከአሜሪካው ቲ ደብሊው ኤ ኩባንያ ጋር በተደረገ ውል ነበር። የአገር ልጆች እየሠለጠኑ ቦታውን ቀስ በቀስ ተረከቡ። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ አምሳለ ጓሉ የአየር መንገዱ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሆነች። ከባዕድ ወደ አገር ልጅ፣ ከወንድ ወደ ሴት፣ ትውልድ በትውልድ ተተካ። «አይችሉም» ይባሉ የነበሩት የጎደላቸው ሥልጠና ብቻ እንደነበር ታየ።

ሕጉስ ምን ይላል ትሉ ይሆናል። ሕጉማ ጥሩ ነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አውጥተዋል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ በግል ጉልበቱ ማረስ ለሚፈልግ ሁሉ መሬት እንዲሰጠው ሲያዝ፣ መሬት የማግኘት መብት ያልነበረው የእጅ ባለሙያም ባለመሬት ሊሆን ቻለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 25 በዘር፣ በቀለም፣ በትውልድም ሆነ በማኅበራዊ አመጣጥ ሰውን ከሰው መለየት ከልክሏል። ከመጀመሪያው አዋጅ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ ሦስት ዓይነት መንግሥትም ተፈራርቋል። ያቺ የኋላ ወንበር ግን ዛሬም ባዶዋን ናት። ታዲያ የቀረው ምንድን ነው? አዋጅ እስከ ክፍሉ በር ድረስ ይመጣል፤ ከበሩ ወደ ውስጥ የሚያስገባው መምህሩ ነው።

አሁን ወደ ከተማችን እንመለስ። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሐምሌ 2008 ዓ.ም. ተመረቀ። ከሲዳማ፣ ከወላይታና ከሌላም አካባቢ የመጡ ብዙ ሺህ ወጣቶች፣ አብዛኞቹም ሴቶች፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሰፍተውበታል። ገና ሲጀመር ከስሪ ላንካ፣ ከህንድና ከቻይና የመጡ ባለሙያዎች ከላይ ሆነው ያሠለጥኑና ይቆጣጠሩ ነበር። የስፌት መኪና ጎሳ አይጠይቅም። የሸክላ ሠሪ ልጅና የገበሬ ልጅ በአንድ መስመር መቀመጣቸው ትልቅ ለውጥ ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። ዳሩ ግን መቀመጥ ብቻ አይበቃም። ልብሱን የሚነድፈው ማነው? መኪናው ሲበላሽ የሚፈታው፣ ሒሳቡን የሚያወጣው፣ ገበያውን የሚያገኘው ማነው? ኅዳር 2014 ዓ.ም. አንድ ትልቅ የውጭ ኩባንያ ከፓርኩ ሲወጣ፣ ከዚያም አገራችን ወደ አሜሪካ ከቀረጥ ነፃ የመላክ ዕድሏን ስታጣ፣ የሌላውን ንድፍ ሰፍቶ መላክ ብቻውን ምን ያህል እንደማያስተማምን አይተናል። ነድፎ፣ ፈጥሮና ጠግኖ የሚያድር ትውልድ ያስፈልገናል። ያ ትውልድ ዛሬ የት ነው ያለው? እኛ ልናስተምረው በምንሄድበት ክፍል ውስጥ፣ ምናልባትም በኋላ ወንበር ላይ ነው።

ሸክላውን እንውሰድ። በከተማችን «ታቦር ሴራሚክስ» የሚል ስም ሲጠራ ያልሰማ የለም። «ሴራሚክስ» ሲባል ነገሩ ይከብዳል፤ ፋብሪካ፣ ላቦራቶሪ፣ መሐንዲስ ይታየናል። ሴራሚክስ ግን ያው የተተኮሰ ሸክላ ነው። በፋብሪካ ከሸክላው አፈር ጋር እንደ ኳርትዝ ያሉ ማዕድናት ተፈጭተው ይገባሉ፤ አንዱ ምክንያት ዕቃው ሲደርቅ ከመጠን በላይ እንዳይኮማተር ነው። የልጅቷ እናት ገል ወቅጠው የሚጨምሩት በዚሁ ምክንያት ነው። የትኛው አፈር ለምጣድ፣ የትኛው ለጀበና እንደሚሆን በጣታቸው ዳስሰው ያውቃሉ። ያለ መሽከርከሪያ፣ በእጃቸው ብቻ ያቆሙታል፤ በለስላሳ ድንጋይ ይወለውሉታል፤ ያለ ቴርሞሜትር እሳቱን ይለካሉ። ይህ ሳይንስ ካልሆነ ሳይንስ ምንድን ነው? እኛ በፊዚክስና በኬሚስትሪ ፈተና የሸመደድነውን እሳቸው በእጃቸው ይዘውታል።

የፊቼ ጨምበላላ በዓል እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ በማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ኮርተንበታል። በበዓሉ ቡርሳሜ በቅቤ ተለውሶ በሻፌታ ሲቀርብ ከበን እንበላለን። ሻፌታው ከየት መጣ? ከሸክላ ሠሪዋ እጅ ነው የመጣው። በእጇ የሠራችውን ዕቃ ከአፋችን እያደረስን እጇን ከገበታችን የምናርቅ ከሆነ ይህ ምን ዓይነት ሒሳብ ነው?

በሽመናም ተመሳሳይ ነገር አለ። የዶርዜና የሌላው የጋሞ ደጋ ሸማኔዎች አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ገብተው ያቀኑት ሙያ ዛሬ ለሠርግም ለመድረክም የማይቀር ሆኗል። ጥለቱ በውድ ይሸጣል። የነጋዴው ስም በሱቁ ላይ፣ የነዳፊው ስም በልብሱ ላይ ይጻፋል። የሸማኔውስ ስም? ልክ እንደ እኛ ሞዴል ነው፤ አምስት ስም ተጽፎ ስድስተኛው ይቀራል። ከዚህ የተሻለ መንገድ እንዳለም እናውቃለን። ቤተልሔም ጥላሁን በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሰፈር አድጋ፣ በሰፈሯ እጀ ብልህ ሆነው ሥራ ያጡ ሰዎችን አይታ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 የጫማ ድርጅት አቋቋመች። ከአሮጌ ጎማ የሚሠራውን፣ ድሀ የሚጫማው ተብሎ የተናቀውን በርባሶ፣ በእጅ በተፈተለ ጥጥና በአገር ሸማ አሳምራ ለዓለም ገበያ አቀረበች። «የድሀ ሰፈር» ተብሎ ከታለፈ ቦታ የወጣ ሐሳብ መሆኑን ልብ በሉ።

ይህ የእኛ አገር ጉድ ብቻ እንዳይመስለን። ዛሬ ትልቁን ቴክኒክ በሚሠሩት አገሮችም ማን ገባ፣ ማን ቀረ የሚለው ጥያቄ ያከራክራል። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ትምኒት ገብሩ ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር ሆና እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው ጥናት፣ የሰውን ፊት አይተው ጾታውን የሚለዩ የሦስት ኩባንያዎች ኮምፒውተራዊ መሣሪያዎች ተፈተኑ። ፈካ ያለ ቆዳ ባላቸው ወንዶች ላይ ስሕተቱ ከ0.8 በመቶ አልበለጠም። ጠቆር ያለ ቆዳ ባላቸው ሴቶች ላይ ግን እስከ 34.7 በመቶ ደረሰ። ለምን? መሣሪያው የተማረበት ሥዕል በብዛት ፈካ ያለ ቆዳ ያላቸው ሰዎች እንደነበር ይታመናልና፤ ሠሪዎቹም ዙሪያቸውን ሲያዩ የሚያገኙት የራሳቸውን መልክ ነበርና ጉድለቱን ቶሎ የሚያስተውል አልተገኘም። ትምኒት ከሌላዋ የአዲስ አበባ ልጅ ከረድኤት አበበ ጋርም በዚሁ ሙያ ያሉ ጥቁሮችን የሚያሰባስብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2017 መሥርታለች።

ከዚህም ቀረብ ያለ ምሳሌ አለ። የጽሕፈት መኪናም ኮምፒውተርም ወደ አገራችን ሲመጡ የእኛን ፊደል አያውቁም ነበር። ሠሪዎቻቸው ሀሁ ስላልቆጠሩ! ፊደላችን ዓለም በሚሠራበት የኮምፒውተር ፊደላት መዝገብ፣ በዩኒኮድ፣ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ያውም በዘርፉ የደከሙ ኢትዮጵያውያን ስለነበሩ ነው። ትምህርቱ ግልጽ ነው። አንድ ወገን ባልተገኘበት የተሠራ ዕቃ ያንን ወገን አያውቀውም። እኛ ከዓለም ገበታ ስንረሳ እንቆጣለን፤ መቆጣታችንም ልክ ነው። ያንኑ ቁጣ ለዚያች ልጅ ስንል በራሳችን ላይ ብናነሣውስ?

እዚህ ላይ የሚቃወሙን እንደሚኖሩ እናውቃለን፤ ከመኝታ ክፍላችንም ሰምተናል። አንዳንዶች «ይህ የድሮ ነገር ነው፤ ወጣቱ ረስቶታል» ይላሉ። ረስቶት ከሆነ ጓደኛችን ለምን ፈራ? ሌሎች ደግሞ «ዝም ሲባል በራሱ ይጠፋል፤ ሲነሣ ይብሳል» ይላሉ። ይህን እኛም ብለን ነበር፤ በሞዴሉ ቀን ዝም ያልነው ለዚሁ ነው። ዝምታችን ግን ለልጅቷ አንድም ጓደኛ አላመጣላትም። ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ ይከብዳል። «ልጆቻቸው ራሳቸው ከሸክላው መውጣት ይፈልጋሉ፤ ኮምፒውተርና ቢሮ ነው የሚመኙት፤ እናንተ ወደ ጭቃው ልትመልሷቸው ነው ወይ?» የሚል ነው። በፍጹም! የሸክላ ሠሪ ልጅ ሐኪም ወይም ፓይለት ልሁን ቢል ማን ይከለክለዋል? ጓደኛችንም መምህርነትን መርጧል፤ ጥሩ መምህር እንደሚሆንም አንጠራጠርም። ወዶ መውጣትና በኀፍረት መሸሽ ግን ይለያያሉ። ወዶ የወጣ የእናቱን ዕውቀት ይዞ ይወጣል፤ አንድ ቀን ኬሚስትሪ ሲማር «ይህንንማ አውቀዋለሁ» ይላል። አፍሮ የሸሸ ግን ዕውቀቱን ከነእናቱ ጥሎ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ሁላችንም አጣነው ማለት ነው።

ደግሞ እኛ ሠልጣኞች ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻንም። የሠፈር ሰው «የት ደረሰህ?» ሲለን «መምህራን ማሠልጠኛ» ስንል ፊቱ እንዴት እንደሚሆን እናውቃለን። «ምነው ልጄ፣ ነጥብ አልመጣልህም እንዴ?» ይላል። ቴክኒክና ሙያ የገቡት ጓደኞቻችንም የሚሰሙት ይህንኑ ነው። የወደቀ የሚጠለልበት ቦታ ተደርገን ስንታይ ያንገበግበናል። እንግዲህ በንቀት የተነካ ሰው ሌላውን ሲንቅ ከማየት የሚያሳዝን ምን አለ?

ስለዚህ ከወሬ ያለፈ ነገር እንድናደርግ የሚከተለውን በትሕትና እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ለማስተማር ልምምድ ስንወጣ የተማሪዎችን አቀማመጥ በየሳምንቱ እናዟዙር። ሁሉም ከሁሉም ጋር ይቀመጥ። ምክንያቱን አንድን ልጅ እየጠቆምን አናብራራ፤ የክፍሉ ደንብ ይሁን።

ሁለተኛ፣ የእጅ ሥራ ትምህርት ሲኖረን ሸክላ ሠሪ፣ ሸማኔና ብረት ሠሪ ተጋብዘው ያስተምሩን። ሲመጡም እንደ ማንኛውም እንግዳ መምህር «እትዬ»፣ «ጋሼ» ተብለው፣ ወንበር ተሰጥቷቸው፣ የድካማቸው ተከፍሏቸው ይሁን። ከቡና ሰዓት በፊት እንዳናሰናብታቸው! ከእኛ ጋር ከአንድ ረከቦት ይጠጡ። ይህችን የምታህል ነገር ከአሥር ንግግር ትበልጣለች።

ሦስተኛ፣ የምንሠራው የትምህርት መርጃ መሣሪያ ሁሉ የሠሪውን፣ ያስተማረውንም ሰው ስም ይያዝ። ስሙ እንዲጻፍ የማይፈልግ ካለ ፈቃዱ ይጠበቅለት፤ መጠየቅ ግን ግዴታችን ይሁን።

አራተኛ፣ «ቡዳ»፣ «ቀጥቃጭ»፣ «ፋቂ» እያልን የምንቀልድ አለን። ቀልዱ ከማን ፊት እንደሚወድቅ አናውቅም። ከጓደኛችን ፊት ስንት ጊዜ እንደወደቀ ዛሬ ስናስበው እናፍራለን። ይቅር።

አምስተኛ፣ በከተማችን ያሉትን የቴክኒክና ሙያ ተማሪዎች ጎብኝተን፣ እነሱም ጎብኝተውን፣ ስለ ሥራቸው እንዲያስረዱን መምህሮቻችን ይርዱን። ነገ ልጆች «ምን ልሁን?» ብለው ሲጠይቁን ከሐኪምና ከፓይለት በስተቀር ሌላ መልስ ከሌለን አላዋቂዎቹ እኛ ነን።

በበኩላችን የጀመርነው ነገር አለ። የአሠልጣኛችንን ፈቃድ ጠይቀን ወደዚያ ትምህርት ቤት ልንመለስ ነው። ሞዴሉ እስካሁን በክፍሉ መስኮት ላይ እንዳለ ሰምተናል። ልጅቷንና እናቷን ጠይቀን ከፈቀዱልን ስድስተኛውን ስም እንጽፋለን፤ ቅደም ተከተሉም ከላይ ይሁን ብለን ተስማምተናል። ካልፈቀዱም ቢያንስ ይቅርታ እንጠይቃለን። «ተው እባክህ» ያለው ጓደኛችንም አብሮን ይሄዳል። ወረቀቱን የሚጽፈው እኔ ነኝ ብሏል።

ስሟን እዚህ ግድግዳ ላይ ያልጻፍነው ረስተናት አይደለም። ገና ስላልጠየቅናት ነው።

በጽሑፋችን የማይስማማ፣ የሚጨምር ወይም የሚያርመን ካለ ይጻፍ። ሰሌዳው ቦታ አለው፤ እኛም ለማንበብ ዝግጁ ነን።